አሥራ አምስተኛው መስመር

ጥቅምት 8

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ ጋሽዬ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የሰው አገር ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትዎና ከአንድ ማሽን በቀር የሚያስጨንቀን የለም።

ማን እንደጻፈልዎ ግር እንዳይልዎ፣ የወንድምዎ ልጅ ነኝ፤ «ሚጢጢ» ይሉኝ የነበረችው። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቁመቴም አባባን በግማሽ ጭንቅላት ይበልጣል። ስሙ ግን ከላዬ አልወረደም፤ ወርክሾፑ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ «እሜቴ ሚጢጢ» ነው የሚለኝ። አድራሻዎን የሰጠችኝ አክስቴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ዛሬ ሲቸግረኝ ብዕር ማንሳቴ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ቢሆንም አፍሬ ከምቀመጥ አፍሬ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ችግሩ እርስዎ የተከሉት ቶርኖ ነው፤ በኮምፒውተር የሚታዘዘው አሮጌው ሲኤንሲ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ስክሪኑ በራ፣ ውስጡ ግን ባዶ ሆነ። ለካስ ትውስታውን የሚይዙለት ባትሪዎች አልቀው ኖሯል። ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ማን ሆዱን ከፍቶ ያያል? የራሱ የማሽኑ መለኪያ ቁጥሮች በሩ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስለነበሩ ሁለት ቀን ፈጅቶብን መልሰን አስገባናቸው። ፕሮግራሞቹንም አባባ በእጁ ጽፎ ካስቀመጣቸው ወረቀቶች እየገለበጥኩ ነው። የእያንዳንዱን ቢላዋ ርዝመት ለማሽኑ የሚነግረው ቁጥር፣ የቢላዎቹ ኦፍሴት፣ ግን የትም የለም። እኔ ሥራ ስጀምር ሁሉም ቁጥር ሞልቶ ነው የጠበቀኝ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ቁልፍ መጫንና ሲያልቅ ዘንጉን ማውጣት ነበር ሥራዬ። ባለሙያ ነኝ ብዬ ስኩራራ የኖርኩት በሰው ቁጥር ነው።

አባባን እንዳልጠይቀው ስክሪኑን ማንበብ አይችልም። ግራ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ዘንግ በጥፍሩ ዳስሶ ልክ መሆን አለመሆኑን አሁንም ይናገራል፤ ቁጥር ግን አይታየውም።

በእጃችን ያለው ሥራ ስድሳ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነው። እያንዳንዱ ዘንግ ኩሽኔታ የሚገባበት ሁለት መቀመጫ አለው፤ ሁለቱም አርባ ሚሊሜትር። የካቲት መጨረሻ ላይ ካላስረከብን ሥራው ለሌላ ቤት ይሄዳል። ጋሽዬ፣ ኦፍሴት እንዴት እንደሚሞላ ከሥር ከመሠረቱ ይጻፉልኝ።

አባባ መጻፌን አያውቅም። ለምን እንዳልነገርኩት እርስዎ ያውቃሉ። ስምዎ ሲነሳ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል። በዘንግ ምክንያት እንደተጣላችሁ እንጂ ሌላውን አላውቅም፤ አልጠይቅምም።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ደገምኩት።

መጀመሪያ ባትሪው። ባትሪ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ነው። አጥፍቶ ባትሪ ያወጣ ሰው ስንት ዓመት ያጠራቀመውን በአንድ ደቂቃ ይቀብራል። ቀኑን በሩ ላይ በቀለም ጻፊ፤ በዓመቱ ቀይሪ። አላለቀም ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን ኦፍሴቱ። ማሽኑ ቢላዋው ምን ያህል እንደሚረዝም አያውቅም፤ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። የነገርሽውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል፤ የዋህ ነው። ስለዚህ አትዋሺው። ውዳቂ ድብልብል ብረት መንጋጋው ላይ እሰሪ። በመጀመሪያው ቢላዋ ላዩን ስስ አድርገሽ ላጪ። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ጎን ብቻ አውጪው። ወደ ኋላ ከሳብሽው ልፋትሽ ገደል ገባ፤ እንደገና መጀመር ነው። ብረቱን አቁሚና በማይክሮሜትር ለኪ። ያገኘሽውን ውፍረት በስክሪኑ የኦፍሴት ገጽ ላይ በዚያ ቢላዋ መስመር አስገቢ፤ ማሽኑ ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል። ለእያንዳንዱ ቢላዋ እንዲሁ አድርጊ። ስትሠሪ ዘንጉ ከወፈረብሽ ቀንሺ፣ ከቀጠነብሽ ደምሪ። በሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ከወፈረ ሦስት መቶኛ ነው የምትቀንሺው፤ ለጥንቃቄ ብለሽ አምስት አትቀንሺ።

ያስገባሽውን ቁጥር ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊ። ማሽኑ ይረሳል፤ አንቺም ትረሻለሽ። ወረቀት ግን አይረሳም።

አንድ ነገር ግልጽ ካልሆነልሽ ጻፊልኝ እንጂ በግምት አትሥሪ። እዚያ ቤት በሚሊሜትር ሺህኛ ስም «ጋሽ ማይክሮን» እያሉ ይቀልዱብኝ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ለባትሪውና ለቢላ ጫፍ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በአክስትሽ በኩል ልኬአለሁ።

ስለ ዓይን ጽፈሻል። ሐኪም ምን አለ?

አጎትሽ


ኅዳር 22

ለጋሽዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርክልዎ። ደብዳቤዎን በማሽኑ በር ላይ ለጥፌ እየተመለከትኩ ስሠራ ሠራተኞቹ «አጎቷ ከወረቀቱ ወጥቶ ሊቆጣት ነው» እያሉ ሳቁብኝ። ገንዘቡም ደርሶኛል። ግን ጋሽዬ፣ እኔ ገንዘብ አልነበረም የጠየቅኩት። አሞላሉን ስላስተማሩኝ ገንዘቡን ለአባባ ሕክምና አስቀመጥኩት። ሐኪሙ ሞራው ይነሳል ብሎ ለየካቲት ቀጥሮታል።

አሁን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እንዳሉኝ ስምንቱንም ቢላዎች አንድ በአንድ ሞላሁ። ደስ ብሎኝ የመጀመሪያውን ዘንግ ቆረጥኩ፤ ሁለቱንም መቀመጫ ለካሁ። ውጭ በኩል ያለው ልክ መጣ። መንጋጋው አጠገብ ያለው ግን በስድስት መቶኛ ቀጠነ። ኩሽኔታውን ባስገባው እንደ ሰፊ ጫማ ተሽከረከረ። አንድ ዘንግ ለውዳቂ ወጣ።

ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮግራሙን ከአባባ ጽሑፍ ስገለብጥ ስህተት አገኘሁ ብዬ አርሜ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚያጠራው ቢላዋ አምስተኛው ነው፤ ለውጭኛው መቀመጫ አምስተኛውን የኦፍሴት መስመር ይጠራል። መንጋጋው አጠገብ ሲደርስ ግን ያው ቢላዋ አሥራ አምስተኛውን መስመር ይጠራል። ቢላዎቹ ስምንት ናቸው፤ አሥራ አምስት ከየት መጣ? የአባባ እጅ ተሳስቷል ብዬ እሱንም አምስት አደረግኩት።

ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። የእርስዎን ፖስታ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው አባባ አገኘው። በደህናው ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ ጽሑፍዎን ለማወቅ ብዙ ዓይን አያስፈልገውም። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ራቱን በልቶ ተኛ። በማግስቱ የተበላሸውን ዘንግ ስሰጠው በጥፍሩ ዳሰሰና «አሥራ አምስትን ምን አደረግሻት?» አለኝ። አረምኳት ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምንድን ነች ብዬ ብለምነው ግን «ያወጣት እሱ ነው፤ እሱን ጠይቂው» አለኝ። ጋሽዬ፣ «እሱ» ሲል የሰማሁት በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ከልብሱ ሳጥን ሥር ሰማያዊ ደብተር አወጣ። የእርስዎ የኦፍሴት ደብተር ነው። ቤት ውስጥ መኖሩን እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር። «የመጨረሻውን ገጽ ገልብጪና ላኪለት። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለኝ። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት፦

«ጠዋት 2፡30። ቢላ 5። መስመር 5፦ −182.340። መስመር 15፦ −182.280።
ቀን 6፡10። የቢላ 5 ጫፍ ተቀየረ። መስመር 5፦ −182.165። መስመር 15፦»

ከዚህ በኋላ ባዶ ነው። አሥራ አምስት ብለው ጽፈው ቁጥሩን አልሞሉትም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አባባም አይነግረኝም። አሥራ አምስት ምን እንደሆነችና ስንት ልሰጣት እንደሚገባኝ ይጻፉልኝ። እስከዚያ ሌላ ዘንግ አላበላሽም፤ ማሽኑን አቁሜያለሁ።

ሰላም ይቆዩኝ፣
ሚጢጢ


ጥር 6

ለጋሽዬ፣

እንደምን ነዎት? እኛ ደህና ነን። ከላክሁልዎ ወር ከግማሽ ሆነ። ታመሙ ይሆን? ወይስ ሳላውቅ የሚያስቀይም ነገር ጻፍኩ? ከሆነ ልጅ ናት ብለው ይቅር ይበሉኝ።

ስድሳው ዘንግ እየጠበቀ ነው፤ ባለቤቶቹም ሁለት ጊዜ ሰው ልከዋል። በመጀመሪያ ቁጥር ነበር የምጠይቅዎ። አሁን ቁጥሩ ቢቀርም ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ለዘንጉ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።

አባባ ፖስታ መጣ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ እርስዎ ያውቁታል። ግን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ «ፖስተኛው ጫማ ቀየረ እንዴ? ድምፁ አልሰማም አለኝ» ይላል። ለፖስተኛ ጫማ እንዲህ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሚጢጢ


ጥር 28

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ። አልታመምኩም፤ አንቺም ያስቀየምሽኝ ነገር የለም። ደብዳቤሽ በሳምንቱ ነው የደረሰኝ፤ በፖስታ ቤት አላመካኝም።

ዘንጉ ስለሚጠብቅ እሱን ላስቀድም። አሥራ አምስት ስህተት አይደለችም። ያ ቶርኖ ሲገዛም አሮጌ ነበር። መንጋጋው አጠገብ ቢላዋው የሚሄድበት ሐዲድ ተበልቷል፤ እዚያ ሲደርስ ቢላዋው ጠለቅ ይላል፣ ውጭ በኩል ግን በልኩ ይቆማል። በአንድ ቁጥር ሁለቱን መቀመጫ ማስማማት አይቻልም። የኦፍሴቱ ገጽ አሥራ ስድስት መስመር አለው፤ ቢላዎቹ ግን ስምንት ናቸው። ስለዚህ ከትርፎቹ አንዱን ወስጄ ለአምስተኛው ቢላዋ ሁለተኛ መስመር ሰጠሁት። አምስት ለውጭኛው መቀመጫ፣ አሥራ አምስት ለውስጠኛው። የሰረዝሻትን መልሺና አምስት ላይ ካለው ቁጥር ስድስት መቶኛ ጨምረሽ አሥራ አምስት ላይ አስገቢ። ልክ ይመጣል። የቢላዋውን ጫፍ በቀየርሽ ቁጥር ሁለቱንም መስመር አድሺ። አንዱን አድሰሽ ሌላውን አትርሺ።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር መጻፍ አቅቶኝ ነው ሁለት ወር የቆየሁት።

አባትሽ ምንም እንዳልነገረሽ ገባኝ። እንግዲህ እኔ ልንገርሽ። ያን ቀን እንደ አሁኑ ያንቺ ዓይነት ዘንግ ነበር የምንሠራው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የአምስተኛው ቢላዋ ጫፍ ስለተሰበረ ቀየርኩት፤ አዲሱ ረዘም ይል ነበር። አምስተኛውን መስመር አደስኩ። አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ደቂቃ የጉዞ ወረቀቴ መድረሱን ሊነግረኝ አንድ ሰው በር ላይ መጣ። «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሥራውን እንደጨረስኩት ያህል አእምሮዬ ተረጋግቶ ነበር፤ በደስታ ሰክሬአለሁ። አባትሽ ተረከበኝና እስከ ማታ አርባ ሁለት ዘንግ ቆረጠ። አሥራ አምስት ላይ የቀረው የጠዋቱ ቁጥር ውስጠኛውን መቀመጫ ጠልቆ በላው። አርባ ሁለቱም ውዳቂ ብረት ሆኑ።

በማግስቱ የስክሪኑን ገጽ ስከፍት የጠዋቱን ቁጥር አየሁ። እኔ አድሼዋለሁ ብዬ አምኛለሁ፤ ስለዚህ የነካው እሱ ነው። ደብተሩን ላሳየው ብፈልግ ከቦታው የለም። አየኸው ወይ ስለው አላየሁም አለኝ። ያኔ ነው አሥራ አንድ ሠራተኛ ቆሞ እየሰማ «ገጹን የነካኸው አንተ ነህ፤ ደብተሩንም የደበቅከው አንተ ነህ። ውሸታም ነህ» ያልኩት። ታላቄን ነው እንዲህ ያልኩት። አልመለሰልኝም፤ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ትዝ ይለኛል። በሦስተኛው ወር ሳልሰናበተው ሄድኩ።

ደብተሩ በሱ ሳጥን ውስጥ እንደነበር ስትጽፊልኝ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ይኸው፣ ደብቆት ነበር አልኩ። አንድ ወር ሙሉ እንዲሁ ስብከነከን ቆየሁ። ከዚያ የገለበጥሽልኝን ገጽ እንደገና አነበብኩት። ደብተሩን ማንም ያስቀምጠው፣ ከአሥራ አምስት በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ የተውኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ የኔ ነው፣ ሰዓቱም የኔ ነው። እሱ የስክሪኑን ገጽ አልነካም። አልነካሁም ሲለኝ እውነቱን ነበር።

ሌላም ልንገርሽ፣ ከተናገርኩ አይቀር። በየዓመቱ ለአክስትሽ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ እያልኩ እጽፍ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ቶርኖ የነካሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። አሁን በአንድ መጋዘን ዕቃ በጋሪ እገፋለሁ። ያን ሁሉ መመሪያ የጻፍኩልሽ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ ቁልፎቹን እየነካካሁ ነው። እጄ አልረሳውም ነበር፤ ደስ ብሎኛል።

የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። የሰደብኩት በሰው ፊት ነው፤ ይህን ደብዳቤ በሰው ፊት አንብቢለት። ሁለተኛ፣ በግንቦት የአንድ ወር ዕረፍት አለኝ። ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። አይምጣ ካለ አትጨነቂ፣ ምንም አትጻፊልኝ። ከዝምታችሁ እረዳዋለሁ።

አጎትሽ


የካቲት 30

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከዝምታችሁ እረዳለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አልቻልኩም። ወር አለፈ፤ ሥራ ስወጣም ስገባም የፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ የታችኛው ቤት ሴትዮ እንኳ «ዛሬም የለም» እያለች ቀድማ ትነግረኛለች።

አይምጣ ብሎ ከሆነ እንዳለ ጻፊልኝ። ቃሉን ብሰማው ይሻለኛል። የሕክምናው ቀጠሮም በዚህ ወር ነበር። ዓይኑ እንዴት ሆነ? ይህን እንኳ ንገሪኝ፣ ሌላውን ተይው።

አጎትሽ


መጋቢት 19

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ነኝ። ጽሑፉ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፤ ዓይኔ ከተፈታ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ልጅቷ ላንተ እንዳትጽፍ ያስማልኳት እኔ ነኝና በሷ እንዳታዝን። ስታለቅስብኝ ነው የከረመችው። በእጄ ልጽፍልህ ስለፈለግኩ ሞራው እስኪነሳ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት የዘጋሁህ ሰው አንድ ወር ቢጨመርልህ ምንም አይልም ብዬ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤህ ሲመጣ ግን ተጸጸትኩ።

ስድሳው ዘንግ በሰላም ወጥቷል። ያልካትን ቁጥር አሥራ አምስት ላይ አስገብታ አንዱም አልተመለሰም። አሁን ቢላ በቀየረች ቁጥር ሁለቱን መስመር እየሞላች ሁለት ጊዜ እያነበበች ነው። ካንተም ብሳ አስቸጋሪ ሆናለች፤ ሠራተኛው «እሜቴ ማይክሮን» ማለት ጀምሯል።

በሰው ፊት አንብቢለት ብለህ ነበር። እንቢ አልኩ። ያኔ ከቆሙት አሥራ አንድ ሰዎች ሁለቱ ሞተዋል፣ ሰባቱ ሌላ ቤት ገብተዋል። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ለአንድ ሰው ብለን ስብሰባ አንጠራም። ለኔ ብቻ አነበበችልኝ፤ ሦስት ጊዜ።

እንግዲህ የኔን ስማኝ።

እንደ ጻፍከው የስክሪኑን ገጽ አልነካሁም። ያን ማታ ግን አርባ ሁለተኛውን ዘንግ ካወጣሁ በኋላ እንዲያው ልቤ ፈራና ውስጠኛውን መቀመጫ ለካሁት። ቀጥኖ አገኘሁት። ወደ ኋላ እየሄድኩ አርባ ሁለቱንም ለካሁ። ከዚያ ደብተርህን ከፍቼ ባዶውን ቦታ አየሁ፤ የረሳኸው አንተ እንደሆንክ በዚያች ሰዓት አወቅኩ። ደብተሩን ኮቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። አላየሁም ስልህ ልብሴ ሳጥን ውስጥ ነበር።

ልጅቷ ይህን ስነግራት አንተን ከውርደት ለማዳን የደበቅኩት መሰላት፤ «አባባ እንዴት ያለህ ደግ ሰው ነህ» ብላ አቀፈችኝ። ለሷ ዝም አልኩ። ላንተ ግን ዝም አልልም።

ሕጋችን ምን ነበር? በየአምስቱ ዘንግ ሁለቱንም ጫፍ ለክቶ በደብተሩ ላይ ምልክት ማድረግ። እኔ ያን ቀን የለካሁት ውጭኛውን ብቻ ነው። የአንተ ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም ብዬ፣ ደግሞም ወደ መንጋጋው ጎንበስ ማለት ሰልችቶኝ። ምልክቱን ግን በሁለቱም አድርጌአለሁ። ስምንት ጊዜ ሳልለካ ለካሁ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ፤ ያንተ ባዶ ቦታ ካለበት ገጽ ጀርባ ላይ። የመጀመሪያውን አምስተኛ ዘንግ ብለካ ኖሮ አምስት ብቻ ነበር የሚበላሸው። ደብተሩን ባሳይህ የራስህን ጥፋት ታያለህ፤ ከዚያ ገጹን ትገልጠዋለህ። ስለዚህ ደበቅኩት። ውሸታም ስትለኝ ስለ ኦፍሴቱ ተሳስተሃል፤ ስለ ደብተሩ ግን እውነትህን ነበር። ያልመለስኩልህ ለዚህ ነው። ትዕግሥተኛ ሰው ነው ብለህ ከሆነ እንዳትሞኝ።

አንተ የረሳኸውን ቁጥር ረስተኸው ነው የሄድከው። እኔ ግን እያወቅኩ እውነቱን አስቀረሁብህ፤ በየዓመቱ «ዘንድሮ እጽፍለታለሁ» እያልኩ። ባለፈው ልጅቷን ገልብጪለት ስላትም የመጨረሻውን ገጽ አልኳት እንጂ ጀርባውን አላልኳትም። በዚህ ዕድሜዬም ያንተን ጥፋት ላክሁና የኔን አስቀረሁ።

ፋሻው የተፈታልኝ ቀን ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እንዳነብ አዘዘኝ፤ አነበብኩ። ቤት ስገባ ደብተሩን አውጥቼ ያንን ገጽ አነበብኩት። ስምንቱ ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል።

ጋሪ መግፋትህን ሰምቻለሁ። ነውር አይደለም፤ እኔም ዓይኔን ሞራ ሲይዘው ወርክሾፕ ከመጥረግ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ልምጣ ወይ ብለህ በልጅ አስጠየቅከኝ። እንዲህ ብሎ መጠየቅን ከየት አመጣኸው? ቤቱ የእናታችን ነው፤ ድርሻህም እንዳለ አለ። በግንቦት ና። ያንን ጀርባ ገልብጬ አልልክልህም፤ ራስህ መጥተህ እኔ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ ታነበዋለህ፤ ከዚያ አንተም በተራህ የምትለኝን ትለኛለህ።

ወንድምህ